ከለቡ ጣቢያ እስከ ሙሻ ደሴት

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር የሚወርደው ባቡር መንገደኞቹን የሚጭነው ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ነው። ከጀሞ አለፍ ብሎ፣ ከለቡ መኖሪያ ሰፈሮች ወጣ ብሎ፣ ወደ ፉሪ በኩል የቆመው ሰፊ ጣቢያ መስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ ታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። ድሮ ባቡር ማለት ለገሃር ነበር። በ1909 ዓ.ም. ከጅቡቲ መሀል ከተማችን የደረሰው አሮጌው ሐዲድ የአዲስ አበባን ሰው ለብዙ ዘመን ከባሕር ጋር አገናኝቷል። ዛሬ ያ ድርሻ የእኛ ክፍለ ከተማ ሆኗል። እንደዚያም ሆኖ አብዛኞቻችን የለቡን ጣቢያ የምናውቀው የታክሲ ረዳት ሲጠራው ነው። ከዚያ የተሳፈረ ሰው 750 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጨዋማ ውሃ ዳር እንደሚደርስ፣ ያ ውሃም የራሱ ጠባይና የራሱ ሕግ እንዳለው እምብዛም አናወራም።

ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ስለዚያ ጠባይና ስለዚያ ሕግ ነው። በተለይም ስለ አንድ ፍጡር፣ ስለ ጄሊፊሽ። ጠላቂ ዋናተኞች እንዴት እንደሚጠነቀቁት ጅቡቲ ላይ በዓይኔ ያየሁትንና በኋላም ያነበብኩትን ለአገሬ ሰው ማካፈል እፈልጋለሁ። እኛ ደገኞች ወደ ባሕር መሄዳችን አልቀረም፤ አብሮን ሊሄድ ሲገባው እዚህ የሚቀረው እውቀቱ ነው።

ላፍቶ ውስጥ የምንጎራበት አንድ አዛውንት አሉ። በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። ኢትዮጵያ ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕር ላይ ባሕር ኃይል ነበራት። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን ግን አገራችን ያለ ባሕር ጠረፍ ቀረች። እኒህ ጎረቤቴ ከዚያ ዘመን የቀሩ ሰው ናቸው። ስለ ጉዞዬ ሲሰሙ ቡና ላይ ጠሩኝና፣

«ልጄ፣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ሻርክ ነው» አሉኝ። «እኛን ሲያስቸግረን የኖረው ግን ሻርክ አልነበረም። ነፋስ ወደ ዳር የሚገፋው ጄሊፊሽ ነበር። ስትገባ አይተህ ግባ፤ ስትወጣ ደግሞ ቀና ብለህ እያየህ ውጣ።»

«ጋሼ፣ ለምን ቀና ብዬ?»

«ሰው ከውሃ ሲወጣ ሐሳቡ ጀልባው ላይ ነው። እሱ ደግሞ የሚንሳፈፈው አንተና ጀልባው መሀል ነው።»

የባቡሩን መንገድ ያየው ሰው ብዙ ስለሆነ አላስረዝምም። ለቡ ላይ ጋቢና ጃኬት የለበሰው ተሳፋሪ አዳማ ሲደርስ አንዱን ያወልቃል፤ መተሐራ ላይ ሌላውን ያጣጥፋል፤ አዋሽን ሲሻገር በከናቴራ ይቀራል። በፈንታሌ ተራራ ግርጌ፣ በመስኮት የሚታየው የበሰቃ ሐይቅ ባለፉት አምስትና ስድስት አሥርት ዓመታት እየሰፋ እርሻና መንገድ የዋጠ ውሃ ነው። ድሬዳዋ አድሬ ቀጠልኩ። አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ፣ ከዚያም አሊ ሳቢህ፤ በመጨረሻም ጅቡቲ ያለው ናጋድ ጣቢያ። አብረውኝ ከተጓዙት መሀል ነጋዴ ነበረ፣ ዘመድ ጠያቂ ነበረ፣ ሥራ ፈላጊ ወጣት ነበረ። ለመዋኘት የሚሄድ አላገኘሁም። ነገር ግን በዕረፍት ቀን ጅቡቲ ያለ ኢትዮጵያዊ ወደ ባሕር ዳር መውጣቱ አይቀርም፤ ሙቀቱ ራሱ ይገፋዋል።

በጅቡቲ የመጥለቂያ ጊዜው ቀዝቃዛው ወቅት ነው። ከኅዳር ጀምሮ ባሉት ወራት በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ በአርታ ዳርቻ፣ ዌል ሻርክ ይመጣል። ከዓሣ ሁሉ ትልቁ ነው፤ ሰውን ግን አይነካም። የሚመገበው ፕላንክተን የሚባሉትን፣ በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕይወታውያን ነው። ብዙ ጎብኚ ለእሱ ሲል ከሩቅ አገር ይመጣል። ጎብኚው የማያስበው ነገር ያው ፕላንክተን የጄሊፊሽም ምግብ መሆኑን ነው። ዌል ሻርክን የሚጠራው ማዕድ ጄሊፊሽንም ይጠራል። ስለዚህ ባሕሩ ለጠላቂ ደስ በሚልበት ወቅት ጥንቃቄውም ከፍ ይላል።

ሌስካል ከሚባለው የጀልባ ወደብ ተነስተን ወደ ሙሻ ደሴት ሄድን። ሙሻ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ አፍ ላይ ያለች፣ ከኮራል የተሠራች ዝቅ ያለች ደሴት ናት። አስጠላቂያችን የታጁራ አፋር ነው። አማርኛውን የለመደው ወደብ ላይ ከእኛ አገር የከባድ መኪና ሾፌሮች ጋር ሲውል ነው። ጀልባው መልሕቅ ከጣለ በኋላ ልብስና ሲሊንደር ለማንሳት አልቸኮለም። ከፊት ወደ ኋላ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየዞረ ውሃውን ለረጅም ጊዜ አየ። ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ተመለከተ። ጄሊፊሽ በራሱ ጉልበት ሩቅ አይሄድም። ሞገድና ነፋስ ወደወሰዱት ይሄዳል፤ ነፋሱ ወደ ዳርቻ ሲነፍስ የሰነበተ እንደሆነ ዳርቻው ላይ ይጠራቀማል። ስለዚህ የጠላቂ የመጀመሪያ ሥራ የሚሠራው ውሃ ውስጥ ሳይሆን ጀልባ ላይ ነው።

«ወንድሜ፣ ሦስት ነገር ያዝልኝ» አለኝ። «አንደኛ፣ ቆዳህን ሸፍን። ሁለተኛ፣ ቆንጆም ይሁን አስቀያሚ ምንም ነገር አትንካ። ሦስተኛ፣ ስንወጣ አንድ እጅህ ከራስህ በላይ ይሁን፤ ዓይንህም ከእጅህ ጋር ይውጣ።»

ውሃው ሞቃት ነው፤ ያለ መጥለቂያ ልብስ መግባት ያሰኛል። ልብሱ ግን ለብርድ ብቻ የሚለበስ አይደለም። ቀጭኑም ቢሆን የጄሊፊሽ መናደፊያ ወደ ቆዳ እንዳይደርስ ይከለክላል። ሳይሸፈን የሚቀረው ፊት፣ አንገትና እጅ ነው። አብዛኛው ጠላቂ የሚነደፈውም እዚያው፣ ከንፈርና አንገት አካባቢ ነው።

ለጀማሪ የሚፈቀደው ጥልቀት 12 ሜትር ነው። ጀርባዬ ላይ የአየር ሲሊንደር፣ ወገቤ ላይ የእርሳስ ክብደት ታስሮልኝ ወረድኩ። በአፌ በያዝኩት ሬጉሌተር የምስበው የራሴ ትንፋሽ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማኝ። ከታች ኮራሉ ቡናማ፣ ሐምራዊና ቢጫ ሆኖ ተንጣሏል። አስጠላቂው አንድ ሰናፍጭ ቀለም ያለው፣ ጫፉ ነጣ ያለ ቅርንጫፍ አሳየኝና እጁን አወዛወዘ፤ አትንካ ማለቱ ነው። እሳት ኮራል የሚባለው ነበር። ስሙ ኮራል ይሁን እንጂ ከሌሎቹ ኮራሎች ይልቅ ለጄሊፊሽ ወገን ይቀርባል። ቆዳን ያቃጥላል።

የመጀመሪያውን ጄሊፊሽ ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ስንዝር የሚያህል፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ መሀሉ ላይ አራት ሐመር ክቦች ያሉት ነበር። ሙን ጄሊፊሽ የሚሉት ነው፤ ንድፊያው ለብዙ ሰው ቀላል ነው። አካሉን አንዴ ሰብሰብ፣ አንዴ ዘርጋ እያደረገ አለፈ። አንጎል የለውም፤ ልብ የለውም፤ አጥንት የለውም። ከአካሉ 95 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ወገኖቹ በባሕር ውስጥ ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ኖረዋል፤ ዳይኖሰር ሳይመጣ ነበሩ፤ ዳይኖሰር ከጠፋም በኋላ አሉ። ሳየው የተሰማኝ ፍርሃት አልነበረም፤ አክብሮት ነበር። ይህ ፍጡር ሰውን አያሳድድም፤ ሰው መኖሩንም አያውቅም። በመካከላችን ማየትና ማሰብ የምንችለው እኛ ስለሆንን መጠንቀቅም የእኛ ግዴታ ነው።

ወደ ላይ ስንመለስ አምስት ሜትር ላይ ቆምን። ጠላቂ ሲወጣ በዚህ ጥልቀት ሦስት ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ በግፊት ብዛት ደሙና ሥጋው ውስጥ የገባው ናይትሮጅን ቀስ ብሎ እንዲወጣ ነው። እዚያው ቆመን ሳለ አስጠላቂው ክንዴን ያዝ አደረገኝና ወደ ላይ ጠቆመ። ከራሳችን በላይ፣ ጀልባው ካለበት በኩል፣ ሰማያዊ የሚያደላው ትልቅ ጄሊፊሽ እየመጣ ነበር። ከሥሩ የሚጎተቱት ክሮች ከአካሉ ብዙ እጥፍ ይረዝማሉ፤ ብርሃኑ ሲያርፍባቸው ይታያሉ፤ ጥላ ሲሆን ይጠፋሉ። አስጠላቂው አልሸሸም፤ ሊመታውም አልሞከረም። ትርፍ ሬጉሌተሩን አንስቶ ከፍ አድርጎ ያዘና ቁልፉን ተጫነ። የአየር አረፋ እንደ ዓምድ ሆኖ ወደ ላይ ወጣ፤ ጄሊፊሹም ከአረፋው ጋር እየተንገዋለለ ወደ ጎን ፈቀቅ አለ። ክሮቹ እስኪያልፉ ጠበቅን። ከዚያ ቀኝ እጃችንን ከራሳችን በላይ አድርገን፣ ቀና ብለን እያየን፣ ቀስ ብለን ወጣን። ጋሼ ቡና ላይ የነገሩኝ ይኸው ነበር።

ቀስ ብሎ መውጣቱን የማነሳው በምክንያት ነው። አሥር ሜትር ጥልቀት ላይ በሳንባችን ያለው አየር ገጸ ውሃው ላይ ሲደርስ መጠኑ እጥፍ ይሆናል። ጄሊፊሽ አይቶ ደንግጦ፣ ትንፋሹን ቋጥሮ ወደ ላይ የሚፈነጠር ሰው ሳንባውን ሊያስቀድድ ይችላል። ንድፊያ ያማል፤ ድንጋጤ ግን ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ጠላቂ ስለ ጄሊፊሽ አስቀድሞ የሚማረው ሲያገኘው እንዳይደነግጥ ነው።

ከሰዓት በኋላ ደሴቱ ላይ ወረድን። ሙሻ ላይ ማንግሮቭ አለ፤ ሥሩ ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚቆም ዛፍ ነው። ከሥሩ ባለው ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ፣ አሸዋው ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ክንዶቻቸውን ወደ ፀሐይ ዘርግተው የተኙ ጄሊፊሾች አየሁ። ዝርያቸው በሳይንስ ካሲዮፒያ አንድሮሜዳ ይባላል። ለዓለም ያሳወቀው ጴጥሮስ ፎርስኮል የሚባል ስዊድናዊ ተመራማሪ ነበር። ከዴንማርክ የአረቢያ ተልዕኮ ጋር ወደ ቀይ ባሕር መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1763 የመን ውስጥ በወባ ሞተ። የጻፈውን የጉዞ ጓደኛው ካርስተን ኒቡር እ.ኤ.አ. በ1775 አሳተመለት። ይህ ጄሊፊሽ በክንዶቹ ውስጥ የሚያኖራቸው አልጌዎች ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ሠርተው ያካፍሉታል፤ ተገልብጦ የሚተኛው ለእነሱ ብርሃን ለመስጠት ነው። ሳይነኩትም ይናደፋል። ወደ ውሃው የሚለቀው ዝልግልግ ነገር መናደፊያ ሴሎችን የተሸከሙ ጥቃቅን እንክብሎች አሉት፤ ተመራማሪዎች ይህን ያስረዱት በቅርቡ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ከእነሱ በላይ ባለው ውሃ ውስጥ ያለፈ ሰው ማን እንደነካው ሳያይ ቆዳው ይለበልበዋል።

እዚያው ዳርቻ ላይ አንድ የአገሬ ልጅ ተነደፈ። ከባቲ የመጣ፣ ጅቡቲ ውስጥ በቀን ሥራ የሚተዳደር ወጣት ነው፤ ከጓደኞቹ ጋር ለመዋኘት መጥቶ ነበር። ጭኑ ላይ ቀይ ሰንበር ተጋድሞበት እያነከሰ ወጣ።

«ሳማ የነካኝ መሰለኝ» አለ ጥርሱን ነክሶ፤ «ባሕር ውስጥ ሳማ አለ እንዴ?»

አነጋገሩ ትክክል ነው። ሳማ በጥቃቅን መርፌዎቹ ቆዳ ወግቶ የሚያቃጥል ፈሳሽ ይረጫል፤ ጄሊፊሽም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ፍጥነቱ ግን ሌላ ነው። በክሮቹ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ሴሎች አሉ። በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ የተጠቀለለ፣ ጫፉ የሾለ ክር አለ። ቆዳ ሲነካው ክሩ ተፈትቶ ይተኮሳል። የጀርመን ተመራማሪዎች ሃይድራ በምትባል የጄሊፊሽ ዘመድ ላይ ይህን ለክተው ጊዜው ከሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ እንኳ እንደማይሞላ እ.ኤ.አ. በ2006 አሳውቀዋል። በሕያዋን ዓለም ከሚታወቁት እንቅስቃሴዎች ሁሉ ፈጣን ከሚባሉት አንዱ ነው። ለመተኮስ የጄሊፊሹ ፈቃድ አያስፈልግም። የተቆረጠ ክርም፣ ዳርቻ ላይ ወድቆ የሞተ ጄሊፊሽም ይናደፋል።

የልጁ ጓደኞች ሊረዱት ተሯሯጡ። አንዱ አሸዋ አፍሶ ሊያሽለት ጎንበስ አለ፤ ሌላው የሚጠጣ ውሃ ሊያፈስበት የፕላስቲክ ጠርሙሱን ከፈተ። አስጠላቂው ሁለቱንም በአንድ ጩኸት አስቆማቸው። ፍቅራቸው እውነት ነበር፤ እውቀቱ ግን አልነበራቸውም። ቆዳው ላይ የተጣበቁት ሴሎች ሁሉም አልተተኮሱም። ማሸት ይተኩሳቸዋል። ጨው የሌለው ውሃ ሲፈስባቸውም ይተኮሳሉ። ሽንት ያድናል የሚባለውም መሠረት የለውም።

አስጠላቂው ያደረገው ይህ ነው። ልጁን ጥላ ሥር አስቀመጠው። የባሕር ውሃ ቀድቶ ሰንበሩ ላይ ቀስ አድርጎ አፈሰሰ። ከሳጥኑ ወረንጦ አውጥቶ፣ እንደ ፀጉር ቀጥኖ የተጣበቀውን ክር አንድ በአንድ ለቀመ። ከዚያ ጀልባው ላይ ከነበረው ፔርሙስ ሙቅ ውሃ በጨርቅ እያረጠበ፣ በራሱ ክንድ ሙቀቱን እየሞከረ፣ ቦታው ላይ አኖረለት። ሐኪሞች የሚመክሩት እስከ 45 ዲግሪ የሚደርስ፣ ቆዳ የማይልጥ ሙቀት ለ20 ደቂቃና ከዚያ በላይ ነው፤ ሕመሙን ያበርዳል። ልጁ ጥቂት ቆይቶ ትንፋሹ ተመለሰ፤ ፈገግም አለ።

አቼቶስ? ብዙ ሰው አቼቶ ለጄሊፊሽ መድኃኒት መሆኑን ሰምቷል። በአውስትራሊያ ዳርቻ ለሚገኘው፣ ሰውን በደቂቃዎች ሊገድል ለሚችለው ቦክስ ጄሊፊሽ በእርግጥም የመጀመሪያው እርዳታ አቼቶ ነው። ለሁሉም ግን አይሆንም። ከእኛው የባሕር አካባቢ የሚነሳ ኖማድ የሚባል ትልቅ ጄሊፊሽ አለ። እ.ኤ.አ. በ1869 በተከፈተው የስዊዝ ቦይ በኩል ወደ ሜዲትራኒያን ከተሻገረ በኋላ እዚያ በመንጋ እየመጣ የባሕር ዳር መዝናኛዎችን ያዘጋል። እ.ኤ.አ. በ2011 እስራኤል ውስጥ የሐዴራ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ማቀዝቀዣ ውሃ የሚስብበትን ማጣሪያ ደፍኖ ሠራተኛ በቶን የሚቆጠር ጄሊፊሽ ሲያወጣ ውሏል። ለኖማድ ንድፊያ አቼቶ አይመከርም፤ ያልተተኮሱትን ሴሎች ሊያስተኩስ ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱ የሚመረጠው በሰፈሩ ባሕር ውስጥ ያለውን ፍጡር አውቆ ነው። አካባቢውን የሚያውቅ ሰው መጠየቅ ከማንኛውም ጠርሙስ ይበልጣል።

ሌላም መታወቅ ያለበት አለ። ሻርል ሪሼና ፖል ፖርቲየ የሚባሉ ፈረንሳውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1901 በሞናኮው ልዑል ቀዳማዊ አልበርት መርከብ ላይ የባሕር ተናዳፊዎችን መርዝ ማጥናት ጀመሩ። ጥናታቸውን ሲቀጥሉ፣ መጀመሪያ መርዙን የቻለ እንስሳ ሁለተኛ ጊዜ እጅግ ጥቂት ሲሰጠው በድንገት ሲሞት አዩ። አናፊላክሲስ የሚባለው ከባድ የአለርጂ ምላሽ የታወቀው በዚያ ሥራ ነው፤ ሪሼም እ.ኤ.አ. በ1913 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ትርጉሙ ለእኛ ግልጽ ነው። «አምናም ነድፎኝ ምንም አልሆንኩም» ማለት ዋስትና አይሆንም። የተነደፈ ሰው ትንፋሽ ካጠረው፣ ፊቱ ወይም ምላሱ ካበጠ፣ ካስመለሰው ወይም ራሱን ከሳተ ወደ ሆስፒታል መወሰድ ያለበት ወዲያው ነው።

ለአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ለብቻው የሚነገር ነገር አለ። ጠላቂ ከጠለቀ በኋላ ቶሎ በአውሮፕላን እንዳይበር ይከለከላል። አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት አለበት። ምክንያቱ በአውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለው ሊወርድ ስለሚችል ነው። በሰውነት የቀረው ናይትሮጅን ያኔ አረፋ ሠርቶ መገጣጠሚያን፣ ነርቭን ይጎዳል። የአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በሌላ አነጋገር እኛ የምንኖረው በአውሮፕላን ውስጥ ባለ ግፊት ነው። ጠዋት ሙሻ ጠልቆ በመኪናም ሆነ በባቡር በዚያው ቀን ወደ ደጋ የሚወጣ ሰው እንደበረረ ይቆጠራል። ይህን የውጭ አገር መመሪያ ለእኛ ብሎ አይጽፈውም፤ እኛው ለራሳችን መንገር አለብን።

ጅቡቲ ላይ ሆኖ ስለ ባሕር ሲያወሩ ኦቦክን አለማንሳት አይቻልም። ከሙሻ ማዶ፣ ከባሕረ ሰላጤው በስተሰሜን ያለች ጠረፍ ናት። በየዓመቱ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን በረሃውን በእግር አቋርጠው፣ ከዚያ በተጨናነቀ ጀልባ ወደ የመን ይሻገራሉ፤ ብዙዎችም ተስፋ ቆርጠው በዚያው መንገድ ይመለሳሉ። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻና ሚያዝያ አጋማሽ ላይ፣ በሁለት ሳምንት ልዩነት፣ ሁለት ጀልባዎች ጎዶሪያ በምትባል ስፍራ አቅራቢያ ተገልብጠው በአሥሮች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ሞቱ። ሙሻ ላይ በመዝናናት ያየሁት ውሃና እነሱን የዋጠው ውሃ አንድ ነው። ከእነሱ መሀል ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት፣ መዋኘትም የማይችሉት ብዙ እንደሆኑ መገመት አይከብድም። የስደትን ምክንያት ዋና በማስተማር አናስቀረውም። ሆኖም ውሃን የማያውቅ ልጅ አሳድገን ወደ ውሃ መላካችን ሊከነክነን ይገባል።

ከዚያ ወዲህ የሰፈሬንም ውሃ በሌላ ዓይን አያለሁ። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ባሕር የለውም፤ ጠላቂ ዋናተኞች ግን ያውቁታል። ክረምት በገባ ቁጥር በከተማችን ዳርቻ ለድንጋይና ለአፈር ተቆፍረው የተተዉ ጉድጓዶች ውሃ ያቁራሉ። ልጆች ትምህርት ሲዘጋ እዚያ ሊዋኙ ይገባሉ። የእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ጠላቂ ዋናተኞች የሚጠሩት ያኔ ነው። ሙሻ ላይ የጠለቅኩበት ውሃ ከሩቅ የሚመጣውን ጄሊፊሽ የሚያሳይ ጥርት ያለ ውሃ ነበር። እነዚህ ሰዎች የሚገቡበት ግን ደፍራሽ ነው፤ የራስን መዳፍ አያሳይም። ብረት ይኑርበት፣ ሽቦ ይኑርበት፣ ምን ያህል ይጥለቅ ሳያውቁ በእጃቸው እየዳሰሱ ይፈልጋሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጡት በሕይወት ያለ ልጅ አይደለም። እናት ከጉድጓዱ አፋፍ ቆማ እየጠበቀች ያን ሥራ መሥራት ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ይከብዳል። ለእነዚህ ባለሙያዎች ያለኝን አክብሮት የምገልጽበት ቃል የለኝም።

ሙሻና የሰፈሬ ጉድጓድ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። አበው ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚሉት ለባሕርም ለኩሬም ይሠራል። ገጹ ጸጥ ያለ ውሃ ምን እንደያዘ አይናገርም። አፋሩ አስጠላቂ ከመግባቱ በፊት ያደረገውን ቆም ብሎ ማየት ለቡ ያለ አሥራ ሁለት ዓመት ልጅም ሊማረው ይችላል። ያ ልማድ ፍርሃት አይደለም። አስጠላቂው በሕይወቱ ሙሉ ከባሕር አልወጣም፤ ባሕርን ከሚወዱ ሰዎች ሁሉ ይበልጥ ይወደዋል። ጠንቃቃ ስለሆነ ነው ዛሬም የሚጠልቀው።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ልመናዬ ይህ ነው። ከለቡ ተሳፍረህ ወደ ጅቡቲ የምትሄድ ከሆነ ባሕር ከመግባትህ በፊት የአካባቢውን ሰው ስለ ጄሊፊሽ ጠይቅ፤ ቆዳህን ሸፍን፤ ቀና ብለህ እያየህ ውጣ፤ ከተነደፍክ አትሸው፤ በባሕር ውሃ እጠበው፤ ከጠለቅክ በማግሥቱ እንጂ በዚያው ቀን ወደ ደጋ አትመለስ። ወላጅ ከሆንሽ ወይም ከሆንክ ልጃችሁን ዋና አስተምሩ፤ ሠፈራችሁ ውስጥ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ካለ ልጅ ሳይገባበት እንዲታጠር ወረዳውን ወጥሩ። ጉድጓድ ቆፍሮ ድንጋይ ያወጣ ሁሉ መልሶ የመሙላት ግዴታውን እንዲወጣ የክፍለ ከተማችን አስተዳደር ይጠይቅልን። የባቡር ጣቢያው ግድግዳ ላይ ስለ ባሕር ጥንቃቄ አንድ ሰሌዳ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛ ቢሰቀል ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ ከመዋኘትም እንዲሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ውሃ ውስጥ ሲሰጥም ካያችሁ ደግሞ ዋና ሳትችሉ ተከትላችሁ አትግቡ፤ ገመድ ወይም እንጨት ወርውሩለት፤ ወዲያውም በ939 ደውሉ።